ትልቁ ጭነት ሰው ነው፦ ገዘፍ ላለ አሽከርካሪ የሚሆን ባለ አራት ጎማ የሥራ ሞተር ስለ መምረጥ

በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



የገለጻው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ማግስት አንድ ባልደረባዬ አግኝቶኝ፣ «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሞተር ሻጭ የሆንኸው?» ሲል ቀለደብኝ። የምሸጠው ነገር የለኝም። ይሁን እንጂ ቀልዱ ቁም ነገር ያዘለ መሆኑን አልክድም። እኛ መሐንዲሶች መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ለማስተማር ዓመታት እንደክማለን፤ መሣሪያ እንዴት እንደሚመረጥ ለማስተማር ግን አንዲት ሰዓት እንኳ አንመድብም። ምርጫውን ለሻጩ ትተንለታል። ዛሬ ያቺን አንዲት ሰዓት ልጠቀምባት።

ወደዚህ ጉዳይ የመራኝ የአንድ የቀድሞ የክፍል ጓደኛዬ ጥያቄ ነው። እርሱ ዛሬ የሚኖረው በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ሲሆን፣ በግዛቲቱ ደቡብ ምሥራቅ፣ ኮረብታዎቹ ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ በሚወርዱበት አካባቢ፣ በአንድ የከብት እርባታ ይሠራል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 130 ኪሎግራም ነው። አጥር ለመጠገን፣ ከመንጋው የተለየ ጥጃ ለመፈለግ፣ በየመስኩ ለከብቶቹ ጨው ለማድረስ የሚጠቀመው በባለ አራት ጎማ ሞተር ነው። የመጀመሪያውን ሲገዛ የጠየቃቸው ሰዎች ሁሉ ምክራቸው አንድ ነበር፤ «ለአንተ ቁመና ትልቅ ሞተር ያስፈልግሃል» አሉት። እርሱም ገንዘቡ የፈቀደለትን ትልቁን ገዛ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ጨውና መሣሪያ በኋላው መደርደሪያ ላይ ጭኖ አቀበት ሲወጣ መሀል ላይ ቆመ። እንደገና ለመነሣት ነዳጅ ሲሰጥ የፊቱ ጎማዎች ከመሬት ለቀቁ፤ ሞተሩም ወደ ኋላ ተገለበጠ። ወዳጄ ራሱን ወደ ጎን በመወርወሩ በክንድ ስብራት ብቻ ተረፈ። ከሆስፒታል ሲደውልልኝ ከስብራቱ ይልቅ የከነከነኝ አነጋገሩ ነበር፤ «ጥፋቱ የሰውነቴ ነው፣ ወንድሜ። እንዲህ ያለ ዕቃ እንደ እኔ ላለ ሰው አልተሠራም» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ሥራዬ ስለሆነ ግን ሌላ መግዛቴ አይቀርም። የትኛውን ልግዛ?» ሲል ጠየቀኝ።

ዛሬ የማቀርብላችሁ ለእርሱ የሰጠሁትን መልስ ነው። ጥፋቱ የሰውነቱ አልነበረም። ጥፋቱ አስቀድሞ የተጠየቀው ጥያቄ ነበር። «ስንት ሲሲ ነው?» ተብሎ የተጀመረ ምርጫ ወዴት እንደሚያደርስ በቁጥር አሳያችኋለሁ። አባቶቻችን በቅሎ ሲመርጡ ስንት ትሮጣለች ብለው አይጀምሩም ነበር፤ ጀርባዋን ይዳስሳሉ፣ እግሯን ያያሉ፣ በቁልቁለት እንዴት እንደምትረግጥ ይጠይቃሉ። የእኔም መልስ ከዚህ የራቀ አይደለም።

አስቀድሜ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። በምሕጻር ስሙ ኤቲቪ የሚባለው ይህ ሞተር አሽከርካሪው እንደ ፈረስ ተፈናጥጦ የሚቀመጥበት፣ እንደ ሞተር ሳይክል በእጅ የሚመራ፣ ሰፋፊና ለስላሳ ጎማዎች ያሉት ተሽከርካሪ ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1970 ለአሜሪካ ገበያ ያቀረበው ባለ ሦስት ጎማ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሱዙኪ ባለ አራት ጎማውን አመጣ፤ በ1986 ሞዴል ደግሞ ሆንዳ አራቱም ጎማዎች የሚገፉበትን፣ በተለምዶ ፎር ዊል ድራይቭ የምንለውን፣ ለገበሬው አቀረበ። ባለ ሦስት ጎማው በቀላሉ የሚገለበጥ ስለሆነ ብዙ ሰው ጎዳ፤ በ1988 የአሜሪካ መንግሥትና ዋና ዋናዎቹ አምራቾች በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ከገበያ እንዲወጣ ተደረገ። ከዚህ ታሪክ የምንይዘው ነገር ቢኖር፣ የዚህ መሣሪያ ዋነኛ ችግር ከልደቱ ጀምሮ የጉልበት ማነስ ሳይሆን የሚዛን ጉዳይ መሆኑን ነው።

ችግሩ ከምን ይመነጫል? አንድ የቤት መኪና 1,300 ኪሎግራም ቢመዝንና 75 ኪሎግራም የሚመዝን ሰው ቢነዳው፣ ሰውየው ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ ስድስት እጅ እንኳ አይሞላም። ሰውየው ቢከሳ ቢወፍር ለመኪናው ብዙም ለውጥ የለውም። የሥራ ኤቲቪ ግን በአማካይ 300 ኪሎግራም ገደማ ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲቀመጥበት ከጠቅላላው አንድ አምስተኛውን ይይዛል፤ የወዳጄ ዓይነት ሰው ሲቀመጥበት ደግሞ 30 ከመቶ ይደርሳል። ከዚህም በላይ ይህ ክብደት የሚያርፈው ከፍ ብሎ፣ ኮርቻው ላይ ነው። ስለዚህ አሽከርካሪው የማሽኑ ተጠቃሚ ብቻ አይደለም፤ ትልቁ ጭነቱም፣ የሚዛኑ ክፍልም እርሱ ነው። ሰው ሲለወጥ ማሽኑ ይለወጣል።

እንግዲህ ገዢው ሊጠይቃቸው የሚገቡ አራት ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው፦ ይህ ሞተር በጠቅላላው ስንት ኪሎ ይሸከማል? መልሱ በሞተሩ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳና በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል። 220 ኪሎግራም የሚል ሰሌዳ እንውሰድ፤ ለዚህ ዓይነት ሞተር እንግዳ ቁጥር አይደለም። ገዢዎች ብዙ ጊዜ ይህን ቁጥር የዕቃ ልክ አድርገው ያነቡታል። ስሕተት ነው። በቁጥሩ ውስጥ አሽከርካሪው፣ ዕቃው፣ በኋላ የተገጠሙ ተጨማሪ መሣሪያዎች፣ እንዲሁም ተጎታች ካለ ተጎታቹ በመጎተቻው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ሁሉ ይጠቃለላሉ። የወዳጄን እንቁጠር። እርሱ 130፤ ጫማ፣ የራስ ቁርና የብርድ ልብስ 5፤ ዊንችና የፊት መከላከያ ብረት 25። ድምሩ 160 ሆነ። የቀረው 60 ኪሎግራም ብቻ ነው። 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ግን በዚያው ሞተር ላይ 115 ይቀረዋል። ሞተሩ አንድ ነው፤ ልኩ ግን ለሁለቱ ሰዎች አንድ አይደለም። የሞተሩ ሲሲ ቢበዛ የሰሌዳው ቁጥር የግድ አይጨምርም፤ ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ስለዚህ ገዢው ወደ መሸጫው ከመሄዱ በፊት ራሱንና ይዞት የሚወጣውን ዕቃ ይመዝን፤ ድምሩ ከሰሌዳው ጋር ሲተያይ በቂ ትርፍ ከሌለው ያንን ሞተር ከዝርዝሩ ያውጣው።

ወዳጄ በዚያ ዕለት የጫነው እያንዳንዳቸው 23 ኪሎግራም የሚመዝኑ ሁለት የጨው ጡቦችና 14 ኪሎ የሚመዝን የመሣሪያ ሣጥን ነበር። ጡቦቹ ከእኛ አሞሌ ወፈር ያሉ ናቸው ብላችሁ አስቡ። ሲደመር 60 ኪሎግራም ነው። ልብ በሉ፤ ልኩን አልጣሰም። በሰሌዳው መሠረት ትክክል ነበር። ሆኖም ተገለበጠ። ሰሌዳው ምን ያህል እንደምንጭን ይነግረናል እንጂ የጫንነው ሚዛኑን የት እንደሚወስደው አይነግረንም።

ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ፦ እኔ ስቀመጥበት የስበት ማዕከሉ የት ይውላል? ለዚህ አንድ የምሳሌ ሞተር እናስብ። ዊንቹንና መከላከያውን ጨምሮ 300 ኪሎግራም ይመዝናል፤ የስበት ማዕከሉ ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር፣ ከኋላው ጎማዎች ዘንግ 62 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ነው። በፊትና በኋላ ጎማዎች ዘንግ መካከል 125፣ በግራና በቀኝ ጎማዎች መሀል ለመሀል 96 ሳንቲ ሜትር አለ። የተቀመጠ ሰው የስበት ማዕከል ከመሬት 110 ሳንቲ ሜትር፣ ከኋላው ዘንግ 35 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ይሁን። ስሌቱ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሚሠራው ነው፤ ውጤቱን ብቻ ልንገራችሁ።

75 ኪሎ የሚመዝነው ሰው ያለ ዕቃ ሲቀመጥ፣ ሞተሩ ወደ ኋላ የሚገለበጥበት የአቀበት ልክ 42 ዲግሪ ገደማ ነው። 130 ኪሎ የሚመዝነው ሲቀመጥ 38 ይሆናል። የሰውነቱ ክብደት የወሰደበት አራት ዲግሪ ብቻ ነው። ያንን 60 ኪሎ ዕቃ በኋላው መደርደሪያ ላይ፣ ከዘንጉ በላይ አንድ ሜትር ከፍታ ላይ ስናስቀምጥ ግን 33 ይወርዳል። ማለትም የሁለት የጨው ጡቦችና የአንድ ሣጥን ጥፋት ከሰውነቱ ይበልጣል። ወደ ጎን ያለውን ስንመለከት ደግሞ 38፣ 35 እና 34 ዲግሪ በቅደም ተከተል እናገኛለን።

እነዚህ ቁጥሮች ሞተሩ ቆሞ ሳለ፣ ሞላውና ጎማው ምንም እንዳልተጨመቁ ተቆጥሮ የተገኙ ናቸው። በተግባር ሁሉም ከዚህ ያንሳሉ፤ ስለዚህም አንዳንድ የአምራች መመሪያዎች 15 ዲግሪን እንደ ወሰን ያስቀምጣሉ። አሁን ግን ወዳጄ ያደረገውን እንጨምርበት። መሀል አቀበት ላይ ቆሞ ነዳጅ ሰጠ። ሞተሩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት እንዲደርስ ተደርጎ ቢገፋ፣ የወዳጄ የመገልበጫ ልክ ከ33 ዲግሪ ወደ 19 ዲግሪ ይወርዳል። 19 ዲግሪ ማንም የእርሻ ሠራተኛ ሳይፈራ የሚወጣው ዳገት ነው። እንዲህ ያለ ግፊት የሚሰጠው ምንድን ነው? ለቁመናህ ይሆናል ተብሎ የተመከረለት ትልቁ ሞተር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጉልበት አንድ ስሌት ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነውና። ሞተሩንና ወዳጄን፣ በድምሩ 430 ኪሎግራም፣ በ20 ዲግሪ ዳገት ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለማውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት 4 ኪሎ ዋት፣ ማለትም አምስት ተኩል የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። ጭቃውንና የጎማውን መጎተት አስበን በእጥፍ ብናሳድገው አሥራ አንድ ይሆናል። ከ400 እስከ 600 ሲሲ ያላቸው የሥራ ሞተሮች ከዚህ እጅግ የበለጠ አላቸው። ከባድ ሰው ለቀስታ ሥራ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሲሲ ሳይሆን ዝቅተኛ ማርሽ ነው።

አራቱም ጎማዎች መግፋታቸው መፍትሔ አይሆንም ወይ የሚል ይኖር ይሆናል። ፎር ዊል ድራይቭ ለጭቃ፣ ለበረዶና ለቁልቁለት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ በቁልቁለት ሞተሩ በአራቱም ጎማዎች በኩል ስለሚይዝ ከባድ ሰው ፍሬኑን አያቃጥልም። መገልበጥን ግን አይከለክልም። ነገሩን በጥሞና ካየነው ተቃራኒው ሊሆን ይችላል። የኋላ ጎማዎች ብቻ የሚገፉት ሞተር በዳገት ላይ ልኩ ሲያልፍ አስቀድሞ ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱም ማስጠንቀቂያ ነው። አራቱም ጎማዎች መሬቱን ሲቆነጥጡ ግን ሞተሩ ሳይንሸራተት እስከ መገልበጫው ልክ ይደርሳል። ወዳጄ በዚያ ዕለት ፎር ዊሉን አስገብቶ ነበር።

የሚዛኑን ጥያቄ ለመመለስ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ዕቃውን ከኋላ መደርደሪያ አውርዶ ወደ ዝቅተኛ ተጎታች ማዛወር ነው። ሁለተኛው ረዘም ያለ ሞተር መምረጥ ነው። በገበያው ላይ ለሁለት ሰው የተሠሩ፣ በጎማ ዘንጎቻቸው መካከል 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሞተሮች አሉ፤ የፖላሪስ ስፖርትስማን ቱሪንግና የካን-አም አውትላንደር ማክስ የዚህ ዓይነት ናቸው። ለሁለት ሰው የተሠራውን ግዙፍ ሰው ብቻውን ቢነዳው፣ በፊተኛው መቀመጫ ላይ ሲቀመጥ ክብደቱ ከኋላው ዘንግ ይርቃል። በምሳሌ ሞተራችን ላይ 20 ኪሎና 15 ሳንቲ ሜትር ጨምረን፣ ሰውየውንም 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ብናስጠጋው፣ 130 ኪሎ የሚመዝነው ሰው ወደ ኋላ የሚገለበጥበት ልክ 43 ዲግሪ ይሆናል። 75 ኪሎ የሚመዝነው ሰው በአጭሩ ሞተር ላይ ካገኘው 42 ጋር የሚተካከል ነው። ዋጋም አለው፤ ረዥም ሞተር ሲዞር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ በጉብታ ላይ ሆዱ ሊንጠለጠል ይችላል፣ ወደ ጎን ያለው ሚዛንም እምብዛም አይሻሻልም። ሦስተኛውን መንገድ፣ ሌላ ዓይነት ተሽከርካሪ መምረጥን፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ሰውነቴ በዚህ ሞተር ላይ ለመንቀሳቀስ ቦታ አለው? ኤቲቪ የሚነዳው በእጅ ብቻ አይደለም፤ አቀበት ሲወጡ ወደ ፊት በማዘንበል፣ በጎን ሲያልፉ ወደ ላይኛው ወገን በመጠጋት በሰውነት ጭምር ነው። ከባድ ሰው በዚህ ረገድ ሀብታም ነው፤ የሚያንቀሳቅሰው ክብደት ብዙ ስለሆነ እርማቱም ብርቱ ነው። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ቦታ ሲኖረው ነው። ስለዚህ በመሸጫው ውስጥ ተቀምጦ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ማዞርና መያዣው ጉልበትን መንካት አለመንካቱን ማየት ይገባል። በእግር መርገጫው ላይ መቆም፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንሸራተት፣ በሥራ ጫማ መሞከር ያስፈልጋል። ማርሹ በእግር የሚቀየር ከሆነ ትልቅ ጫማ ከመቀየሪያው ሥር ይገባል ወይ? እንደ ሆንዳ ራንቸር ያሉ ሞተሮች በእግር የሚቀየርም፣ በአዝራር የሚቀየርም ዓይነት ስላላቸው ይህ የሚፈታ ችግር ነው። የኤሌክትሪክ መሪ አጋዥም ቅንጦት አይደለም። ያማሃ በግሪዝሊ ሞተሩ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2007 ሞዴል ጀምሮ ያመጣው ይህ አጋዥ፣ የፊቱ ዲፈረንሻል ሲቆለፍ የሚከብደውን መሪ ያቀልላል፤ ከድንጋይ ጋር ሲጋጩ ወደ ክንድ የሚመጣውንም ምት ይቀንሳል።

ከዚሁ ጋር ሞላውን መለካት አይዘንጋ። ሞተሩ ባዶውን ሳለ ከመሬት እስከ መደርደሪያው ያለውን ከፍታ ይለኩ፤ ከዚያም ተቀምጠው ሌላ ሰው ይለካላችሁ። ሞላው ከመላ ስፋቱ አንድ ሦስተኛውን ያህል ቢወርድ ደኅና ነው፤ ግማሹን ቢያልፍ ግን ለድንጋይና ለጉድጓድ የተረፈው ጥቂት ነው። ብዙ ሞተሮች የሞላውን ቅድመ ጫና የሚያጠብቅ ማስተካከያ አላቸው፤ ይህ ግን የወረደውን ከፍታ ይመልሳል እንጂ ሞላውን አያጠነክረውም። እጅግ ከባድ ለሆነ ሰው ጠንካራ ሞላ ማስለወጥ ግድ ሊሆን ይችላል፤ ወጪውም ሲገዛ መታሰብ አለበት።

አራተኛው ጥያቄ፦ በእኔ ክብደት ሥር ስንት ዘመን ይቆያል? «አስተማማኝ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ለአምራቹ ስም ይሰጣል። አስተማማኝነት ግን በማሽኑ ውስጥ ብቻ ያለ ጠባይ አይደለም፤ ማሽኑ ከተጫነበት ሸክም ጋር ያለው ግንኙነት ነው። የጎማውን ኩሽኔታ እንውሰድ። በማሽን ንድፍ ትምህርት እንደተማራችሁት፣ የባለ ኳስ ኩሽኔታ ዕድሜ በጭነቱ ሦስተኛ ርቢ ልክ ይቀንሳል። በምሳሌ ሞተራችን የኋላ ጎማዎች ላይ 75 ኪሎ በሚመዝነው ሰው ጊዜ 205 ኪሎግራም ያርፋል፤ በ130 ኪሎው ጊዜ 245፤ በኋላ ዕቃ ሲጨመር 305። ስለዚህ የኩሽኔታው ዕድሜ በሁለተኛው ወደ 59 ከመቶ፣ በሦስተኛው ወደ 30 ከመቶ ይወርዳል። ልብ በሉ፤ ከ60 ኪሎው ዕቃ አንድም ኪሎ ለፊት ጎማዎች አልደረሰም።

ይህ ማለት ሞተሩ ለከባድ ሰው አይሆንም ማለት አይደለም። በመመሪያው ውስጥ የተጻፈው የጥገና ጊዜ ለእርሱ ማጠር አለበት ማለት ነው። መመሪያዎች ራሳቸው ለከባድ ሥራ አጠር ያለ የጥገና ጊዜ ያዛሉ፤ ገዘፍ ያለ አሽከርካሪ ሁልጊዜ በዚያ መደብ ራሱን ይቁጠር። የኩሽኔታውን መላላት ጎማውን አንሥቶ በመወዝወዝ፣ የዘንግ መገጣጠሚያዎቹን የጎማ ሽፋን መቀደድ በዓይን በማየት ይመርምር። የጎማውን ነፋስ ለዝቅተኛ ግፊት በተሠራ መለኪያ ይለካ፤ የእነዚህ ጎማዎች ግፊት 35 ኪሎ ፓስካል ያህል ሊሆን ስለሚችል የመኪና መለኪያ በትክክል አያነበውም።

የካምቢዮው ዓይነትም ከዚሁ ጥያቄ ይገባል። ብዙዎቹ የሥራ ኤቲቪዎች ጉልበት የሚያስተላልፉት በጎማ ቀበቶ ነው። ቀበቶ የሚያልቀው በሙቀት ነው፤ ሙቀቱም የሚመጣው በከባድ ጭነት፣ በቀስታ፣ በከፍተኛው ማርሽ ሲነዳ ነው። ስለዚህ ከባድ ሰው አቀበት ሲወጣና ተጎታች ሲጎትት ወደ ዝቅተኛው ማርሽ መግባትን ልማድ ያድርገው። ያማሃ በግሪዝሊ ላይ ቀበቶውን ምንጊዜም ወጥሮ የሚይዝና በዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሪሲዮን አክሎበታል። ሆንዳ በራንቸርና በፎርማን ሞተሮቹ የጎማ ቀበቶ ትቶ በጥርስ ማርሽ ይሠራል። ሁሉም መንገድ የራሱ ጥቅም አለው፤ ገዢው ግን ምን እንደሚገዛ ይወቅ። ከሁሉም በላይ መለዋወጫና ባለሙያ በአቅራቢያው የሚገኝለትን ይምረጥ። በሥራ ወቅት ለሦስት ሳምንት መለዋወጫ የሚጠበቅለት ሞተር፣ ስሙ የቱንም ያህል የገነነ ቢሆን አስተማማኝ አይባልም።

አራቱ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ በገዢው ጫንቃ ላይ መጣል ተገቢ አይመስለኝም። በአውስትራሊያ እርሻዎች ይህ ሞተር ብዙ ሰው ገድሏል፤ ከሞቱትም ውስጥ በሞተሩ ሥር ተይዘው መተንፈስ ያቃታቸው ነበሩበት። የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 11 ቀን 2021 ጀምሮ፣ የሚሸጥ አዲስ የሥራ ኤቲቪ ሁሉ ሲገለበጥ ሰውን ከመጨፍለቅ የሚከላከል ብረት እንዲኖረው፣ ወደ ጎንም ከ28.8 ዲግሪ በታች በሆነ ዝንባሌ እንዳይገለበጥ ደነገገ። አንዳንድ ታላላቅ አምራቾች ሕጉን ተቃውመው ከዚያ ገበያ ወጡ። ብረቱ ራሱ ሌላ አደጋ ያመጣል የሚለው ክርክራቸው ሊደመጥ የሚገባው ነው። እኔ ግን አንድ ነገር አደንቃለሁ፤ ገዢው በመሸጫ ቤቱ ውስጥ የመገልበጫውን ዲግሪ ተጽፎ ያያል። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ግዴታ የለም፤ ወዳጄ የሲሲውን ቁጥር በሞተሩ ጎን በጉልህ ተጽፎ አግኝቶታል፣ የዲግሪውን ግን ማንም አልነገረውም።

ቀደም ሲል ወደ ተውሁት ሦስተኛ መንገድ ልመለስ። የአንድ ሰው ክብደትና የዕለት ዕቃው ሲደመር ከሰሌዳው ልክ የሚያልፍ ከሆነ፣ ወይም ሰውነቱ በኮርቻ ላይ ወደ ፊትና ወደ ጎን ለመንቀሳቀስ ካልፈቀደለት፣ እውነተኛው ምክር «ትልቅ ኤቲቪ ግዛ» የሚል አይደለም። እንደ ፖላሪስ ሬንጀር፣ እንደ ጆን ዲር ጌተር ያሉ፣ ጎን ለጎን የሚቀመጡባቸው፣ ከራስ በላይ የብረት ማዕቀፍ፣ የደኅንነት ቀበቶና የዕቃ መጫኛ ያላቸው የሥራ ተሽከርካሪዎች አሉ። ሰፊ ናቸው፣ ውድ ናቸው፣ በጠባብ የጫካ መንገድ አያልፉም። ሆኖም ሚዛናቸው በአሽከርካሪው ሰውነት መወዛወዝ ላይ የተመሠረተ አይደለም። ይህን ለመናገር ማፈር የለብንም፤ ሰሚውም እንደ ስድብ ሊቀበለው አይገባም።

ወዳጄ ከክንዱ ካገገመ በኋላ ምን አደረገ? በመጀመሪያ ለሁለት ቀን የማሽከርከር ሥልጠና ወሰደ፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዚህ ነው። ቀጥሎ ራሱንና ዕቃውን መዝኖ ድምሩን በወረቀት ጻፈ። ሦስት መሸጫ ቤቶች ሄዶ መጀመሪያ ሰሌዳውን አነበበ፤ አንዱ ሻጭ እንዲህ ያለ ገዢ አይቶ እንደማያውቅ ነገረው። በመጨረሻም ከፊተኛው በጉልበት የሚያንስ፣ በርዝመት የሚበልጥ፣ መካከለኛ ሲሲ ያለው ለሁለት ሰው የተሠራ ሞተርና አንዲት ዝቅተኛ ተጎታች ገዛ። ጨውን ዛሬ የሚያመላልሰው በተጎታቿ ነው። ያንን ዳገት ግን በቀጥታ አይወጣውም፤ ዞሮ የሚሄድበት መንገድ አለ፤ አሥር ደቂቃ ይወስድበታል።

ውድ ተማሪዎች፤ ነገ ከእናንተ መካከል ወንበር የሚነድፍ፣ የሆስፒታል አልጋ የሚነድፍ፣ የእርሻ መሣሪያ የሚነድፍ ይኖራል። በንድፍ ወረቀታችሁ ላይ «አሽከርካሪ፦ 75 ኪሎግራም» ብላችሁ ስትጽፉ፣ ያ ቁጥር አማካይ መሆኑን አትርሱ። አማካይ ለስሌት ይመቻል፤ መሣሪያው ላይ የሚቀመጠው ግን አማካይ ሳይሆን አንድ ሰው ነው። ከአማካዩ የራቀው ሰው አደጋ ሲደርስበት ራሱን ይወቅሳል፤ ወዳጄም ያደረገው ይህንኑ ነው። እኔም ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወረቀትና እርሳስ አንሥቼ ይህን ስሌት ስሠራ፣ አራት ዲግሪ የእርሱ ሰውነት፣ አምስት ዲግሪ የዕቃው አቀማመጥ፣ አሥራ አራት ዲግሪ ደግሞ የነዳጅ መስጫው ድርሻ መሆኑን አገኘሁ። በማግስቱ ደውዬ ቁጥሮቹን አነበብሁለት። ለረዥም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም፣ «አራት ብቻ?» አለኝ።

አዎን፣ አራት ብቻ።